መብራት በሄደ ቁጥር ሁለት ሞኒተር ላይ የደረደርኩት መስኮት ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይከመራል

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ሽምብጥ አካባቢ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ለሁለት ፔንሲዮኖችና ለአንድ ዓሣ ነጋዴ ሂሳብ እሠራለሁ። ዕቃዬ ይሄ ነው፦ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተሰካ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር፣ እና ያገለገለ የገዛሁት ባለ 19 ኢንች ሞኒተር። የኋለኛው ያ የድሮው፣ ካሬ የሚመስለው ዓይነት ነው። ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ስላለው በአዳፕተር ነው የሰካሁት።

ጠዋት ቡናዬን ይዤ ቁጭ ስል ሁሉንም በየቦታው እደረድራለሁ። መሀል ትልቁ ላይ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሜ) እና ኤክሴል ጎን ለጎን፣ አሮጌው ላይ የባንክ ስቴትመንት፣ ላፕቶፑ ላይ ቴሌግራም፣ ምክንያቱም ደንበኞቼ ደረሰኝ ፎቶ እያነሱ የሚልኩልኝ በሱ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል ግን ካለቀ በኋላ ዓይን ያርፋል።

ከዚያ መብራት ይሄዳል።

ለአምስት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ቢመለስም ያው ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ሞኒተሮቹ ይጨልማሉ፣ ያ ሁሉ መስኮት አንዱ ባንዱ ላይ ላፕቶፑ ላይ ይወርዳል። መብራቱ ሲመጣ ግማሹ ይመለሳል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። አንዳንዱማ ጭራሽ የለም፤ ታች ታስክባሩ ላይ ክፍት መሆኑ ይታየኛል፣ ስጫነው ምንም።

ትናንት ነው የመረረኝ። ሰኔ 30 ደርሶ የዓመት መዝጊያ ላይ ነኝ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መብራት ሄዶ መጣ፣ እኔም ተናድጄ መስኮቶቹን በጥድፊያ መለስኩና የአንዱን ፔንሲዮን የ12,450 ብር ደረሰኝ የሌላው ኤክሴል ላይ አስገባሁት። ሁለቱም ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት ነው፣ ሠሪዋ እኔው ነኝ። ሚዛኑ እምቢ ሲለኝ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስፈልገው አመሸሁ።

እና ጥያቄዬ ሁለት ነው። መስኮቶቹ ቦታቸውን የማይለቁበት ዘዴ አለ ወይ? የየደንበኛውን ሥራስ እንዳይደባለቅብኝ እንዴት ልለየው?

ፖሊ_ኤሌክትሪካል፦

ወንድሜ፣ ይሄ የዊንዶውስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ የገመድ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ ከላፕቶፑ ወደ ሞኒተሩ የሚሄድ 5 ቮልት አለ። ሞኒተሩ ማንነቱንና ልኩን የሚናገርባት ትንሽ ቺፕ በዚያች 5 ቮልት ብቻ መሥራት ትችላለች። ስለዚህ ብዙ ሞኒተሮች ኃይል አጥተው ጨልመው እንኳ ለላፕቶፑ «አለሁ» ይላሉ። ዊንዶውስም ያምናል። መስኮትህን ጨለማው ውስጥ ትቶት ይቀመጣል። ታስክባር ላይ እያየኸው ስትጫነው አይመጣም ያልከው ይሄው ነው። መስኮቱማ ተከፍቷል፣ የተከፈተው የጠፋ ሞኒተር ላይ ነው እንጂ።

የቪጂኤው ደግሞ እንደ አዳፕተሩ ዓመል ነው። አንዳንዱ ወዲያው «ተነቀልኩ» ይላል። አንዱ አለሁ፣ አንዱ የለሁም ሲል ነው ትርምሱ። (ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው መሰኪያ ቢሆን ሌላ ታሪክ ነበር። እዚያ «አለሁ» የሚለውን ምልክት ሞኒተሩ ራሱ በራሱ ኃይል ነው የሚሰጠው፣ ኃይል ካጣ ከነጭራሹ ይሰወራል።)

ለጊዜው እንዲህ አድርግ። መብራት እንደሄደ የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘህ ፒ ፊደልን ተጫን። አራት አማራጭ ይወጣል፣ የመጀመሪያውን፣ ላፕቶፑ ብቻ የሚለውን ምረጥ። ጨለማ ውስጥ የቀሩት በሙሉ ወደ ላፕቶፑ ይመጣሉ። መብራት ሲመለስ እዚያው ገብተህ ኤክስቴንድ፣ ሞኒተሮቹን ሁሉ የሚያሠራውን፣ ምረጥ። አንድ መስኮት ብቻ ከጠፋብህ ደግሞ ታስክባር ላይ ተጫነውና ዊንዶውስና ሺፍትን ይዘህ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ምታ፣ ከሞኒተር ወደ ሞኒተር እየዘለለ ይመጣልሃል።

ከዚያ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ግባ። መልቲፕል ዲስፕሌይስ የሚለውን ስትከፍተው ሁለት ነገር ታገኛለህ፤ አንዱ ሪሜምበር ብሎ ይጀምራል፣ የመስኮቶችን ቦታ እንዲያስታውስ ነው። ሌላው ሚኒማይዝ ብሎ ይጀምራል፣ ሞኒተር ሲነቀል መስኮቶቹ ላፕቶፑ ላይ ከመከመር ታች እንዲወርዱ ነው። ሁለቱንም አብራ።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

እህትህ ነኝ :)

በጣም አመሰግናለሁ፣ የጨለማው ነገር ገባኝ፣ ስንት ቀን ላፕቶፑን ስሰድበው ነበር። አሁን ገብቼ ሳየው ግን ሪሜምበር የሚለው ድሮውንም በርቷል። ታዲያ ለምን አያስታውስም?

ፖሊ_ኤሌክትሪካል፦

ውይ ይቅርታ እህቴ። የስሙ ጥፋት ነው፣ ሂሳብ ጾታ የለውም :)

የሚያስታውሰው እኮ እንደተሰኩት ሞኒተሮች ነው። ሦስቱም ሲኖሩ አንድ ነገር ነው፣ አሮጌው ሲጎድል ሌላ ነገር ነው። መብራት ሲመጣ ሁለቱ እኩል አይነቁም፣ ያንቺ አሮጌ እስኪሞቅ ድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? በዚያች መሀል ያለው ነው የሚያምታታው። ሌላ ደግሞ፣ መብራት በሌለበት ሰዓት በእጅሽ ያንቀሳቀስሽው መስኮት ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ። አንቺ ያስቀመጥሽበት ነው ቦታው። ስለዚህ ሲጨልም አትንኪ። ቡና ጠጪ።

አባይ_ማዶ፦

እኔ የምለው፣ ይሄን ሁሉ ከምትለፉ ሞኒተሮቹን ዩፒኤስ፣ ያ ባትሪ ያለው ሳጥን፣ ላይ መሰካት አይቀልም? ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፣ የሚሞቱት ሞኒተሮቹ ናቸው። እነሱ ካልሞቱ ምንም መስኮት አይንቀሳቀስም፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

ስታቢላይዘር አለኝ እኮ። አይበቃም?

አባይ_ማዶ፦

ስታቢላይዘር ሌላ ዩፒኤስ ሌላ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ውስጡ ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው። አንቺ የምትፈልጊው ባትሪ ያለውን ነው። ትልቅ አያስፈልግሽም። 24 ኢንቹ 25 ዋት ቢበላ፣ አሮጌው 20 ቢበላ፣ ሁለቱ ተደምረው ከአንድ የድሮ አምፖል በታች ናቸው። የ650 ቪኤዋ ትንሿ ዩፒኤስ ባትሪዋ ደህና ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትይዝልሻለች፣ የዋይፋዩንም ራውተር ጨምሪባት፣ እሱ ምንም አይበላም። ስትገዢ ባትሪው መቼ እንደተሠራ ጠይቂ፣ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ባትሪ አዲስ አይባልም። ቤት ያለ ሰው ደግሞ ሶኬት አገኘሁ ብሎ ምጣድ እንዳይሰካባት አደራ። እኔ ጋ ተሞክሯል። እናቴ ናት፣ ምን ይባላል።

ተርሚናል_ብቻ፦

ዊንዶውስን ትተሽ ሊኑክስ ጫኚና ተገላገይ። አይስሪ የሚባለው የሊኑክስ መስኮት ደርዳሪ ላይ እያንዳንዱ ሞኒተር የራሱ ወርክስፔስ፣ የራሱ የመስኮት ስብስብ፣ አለው፣ መሀለኛውን ብቻ ትቀይሪያለሽ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። ሞኒተር ቢነቀል ወርክስፔሱ እንዳለ ወደ ቀረው ሞኒተር ይሄዳል፣ አይበተንም። ማውስ እንኳ አያስፈልግሽም። ጂኖም የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ገጽታም ቢሆን ወርክስፔሱን ዋናው ሞኒተር ላይ ብቻ ያደርግልሻል።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

ፒችትሪን ሊኑክስ ላይ ሰኔ 30 ሳምንት ልጫን? ወንድሜ ምን አድርጌሃለሁ?

ተርሚናል_ብቻ፦

እሺ አሸነፍሽኝ። ሐምሌ ላይ እንነጋገር።

የሰርግ_ኤዲተር፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክር። የሰርግ ቪዲዮ ነው የምቆርጠው፣ ጥር ላይ አምስት ሰርግ በአንድ ጊዜ እጄ ላይ ይኖራል፣ የአንዷን ሙሽራ ቀረጻ ከሌላዋ ጋር ብደባልቅ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞኒተሩን በፕሮግራም ነው የሚከፋፍለው። ይሄ የኤክሴል፣ ያ የብራውዘር እያለ። እኔ ሞኒተር የምለው በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ለማያቸው ነገሮች ነው። ደረሰኙንና ሰንጠረዡን ለምሳሌ። ጎን ለጎን የማላያቸውን ግን፣ በተለይ እንዳይገናኙ የምፈልጋቸውን፣ ሞኒተር አይለያቸውም። ለነሱ ለየብቻ ዴስክቶፕ፣ ማለትም የራሱ መስኮቶች ያሉት ሌላ የሥራ ገጽ፣ ነው የምከፍተው። ዊንዶውስ ላይ ከ10 ጀምሮ አለ እኮ፣ ማንም አይጠቀምበትም እንጂ።

ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል እና ዲ ፊደልን አንድ ላይ ስትጫኚ አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈታል። በዊንዶውስ፣ ኮንትሮል እና ቀስት ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄጃለሽ። ዊንዶውስና ታብ ስትጫኚ ሁሉም ታች ተደርድረው ይታዩሻል፣ እዚያ ስም ትሰጫቸዋለሽ። ፔንሲዮን አንድ፣ ፔንሲዮን ሁለት፣ ዓሣ። አሁን ዋናውን ልንገርሽ፦ እዚያው አንዱ ዴስክቶፕ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ለየብቻው ጀርባ ፎቶ መስጠት ትችያለሽ። እኔ ለእያንዳንዱ ሰርግ የሙሽሮቹን ፎቶ ነው የማደርገው። አንቺ ለአንዱ ፔንሲዮን ጢስ ዓባይን፣ ለአንዱ ዘጌን፣ ለዓሣ ነጋዴው ቆሮሶ አድርጊለት። መስኮቶቹን እስከ ጥግ ድረስ አትወጥሪያቸው፣ ከዳር ትንሽ ፎቶው ይታይሽ። ቆሮሶ እያየሽ የፔንሲዮን ደረሰኝ አታስገቢም።

አንድ ችግር አለው፣ ቀድሜ ልናገር። ዊንዶውስ ላይ ዴስክቶፕ ስትቀይሪ ሦስቱም ሞኒተር ነው አብሮ የሚቀየረው፣ ያ ሊኑክሱ ልጅ እንዳለው አንዱን ብቻ መቀየር የለም። ቴሌግራምሽ እንዳይጠፋ ዊንዶውስና ታብ ተጫኚ፣ የቴሌግራሙን መስኮት ቀኝ ክሊክ አድርጊ፣ በሁሉም ዴስክቶፕ ይታይ የሚለውን ምረጪ። እሱ ላፕቶፑ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ሌላው ይቀያየራል። የባንኩን ስቴትመንት ግን እንዲህ እንዳታደርጊ! እሱ የየደንበኛው ነው።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

የቆሮሶዋ ሐሳብ ገደለችኝ :) ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። ፒችትሪን ግን አንድ ኩባንያ ዘግቼ ነው ሌላውን የምከፍተው፣ እሱን እንዴት ላድርገው?

የሰርግ_ኤዲተር፦

እሱን ባለበት ተይው፣ ከምትሠሪው ደንበኛ ጋር ይዘሽው ሂጂ። ዊንዶውስና ታብ ላይ ጎትተሽ የሌላው ዴስክቶፕ ላይ ብትጥይው ይሄዳል። እንዲያውም ጥሩ ነው፤ አንዱ ጋ ሲኖር ሌላው ጋ አለመኖሩ ራሱ የማን ሥራ ላይ እንዳለሽ ይነግርሻል።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ መስኮት ስትይ የቤቱን መስሎኝ ነው የገባሁት። የኔ ቤት መስኮት ወደ ጣና ነው የሚያየው፣ ከሰዓት በኋላ የውሃው ነጸብራቅ ኮምፒውተሩ ላይ ገብቶ አንድ ፊደል አያስነብበኝም፣ ለሱ መላ ያገኛችሁ መስሎኝ ነበር። የመጣሁት ካልቀረ ያየሁትን ልበል። ሞኒተር ሲበዛ አንዱ የግድ ወደ መስኮቱ ይዞራል። መስኮቱ ከጎናችሁ እንዲሆን ጠረጴዛውን አዙሩት፣ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን። እኔ እንዲያ አድርጌ ነው የተገላገልኩ። የመብራቱን ነገር ደግሞ አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል፣ የዩፒኤሱ ልጅ ልክ ነው።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔም አሮጌው ሞኒተር ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነው ለካ የሚያብረቀርቀው። ዛሬውኑ አዞረዋለሁ። እርስዎም መጋረጃ ቢጤ ቢያደርጉበት።

ጡረተኛው፦

መጋረጃ ካደረግሁማ ጣናን ምን ላየው ነው።

አባይ_ማዶ፦

😂 ጋሼ አሸነፉ

ፖሊ_ኤሌክትሪካል፦

አንድ ልጨምር። ካሬው ሞኒተርሽ 1280 በ1024 ነው የሚሆነው፣ ትልቁ 1920 በ1080። ቁመታቸው በ56 ፒክሰል ይለያያል ማለት ነው። ማውሱ ከትልቁ ወደ አሮጌው ሲሻገር ጥግ ላይ አልሻገር እያለ የሚገትርሽ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ እዚያ ጋ ግድግዳ አለ። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሳጥኖች ጎትተሽ ጠረጴዛሽ ላይ እንዳሉት አስተካክያቸው። ከታች መልቲፕል ዲስፕሌይስ ውስጥ ደግሞ ኢዝ ከርሰር ብሎ የሚጀምር አለ፣ እሱን ካበራሽው ማውሱ ግድግዳውን ዘሎ ያልፋል።

የሰርግ_ኤዲተር፦

እኔም አንድ። ላፕቶፑን ዘግተሽ ስትከፍቺ ዴስክቶፖቹ ከነስማቸው ይኖራሉ፣ ውስጣቸው የነበሩት መስኮቶች ግን አይመለሱም። ጠዋት ጠዋት ያ አሥር ደቂቃ ካስጠላሽ ፓወርቶይስ የሚባል የማይክሮሶፍት የራሱ ነጻ ፕሮግራም አለ። 2024 ላይ ወርክስፔስስ የሚል ጨምረውበታል፤ የትኛው ፕሮግራም የት ሞኒተር ላይ በምን ልክ እንደሆነ አንዴ ይመዘግባል፣ ከዚያ በአንድ ክሊክ ሁሉንም ከፍቶ ይደረድራል። እዚያው ውስጥ ፋንሲዞንስ አለ፣ ሞኒተሩን እንደፈለግሽ ትሸነሽኚዋለሽ፣ ሺፍት ይዘሽ መስኮቱን ስትጎትቺው ሽንሽኑ ውስጥ ልክክ ይላል። ፋይሉ ግን ቀላል አይደለም፣ በሞባይል ካርድ አታውርጂው።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

ሰላም፣ ከአራት ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ሥራ ውጦኝ።

ዩፒኤሷን ገዛሁ። ትናንት ሁለቴ መብራት ሄደ፣ ሁለቴም ሞኒተሮቹ ንቅንቅ አላሉም፣ ጎረቤቴ «ጄኔሬተር ገዛሽ እንዴ?» አለችኝ። ሦስቱ ዴስክቶፖች ተሠርተዋል፣ ቆሮሶው አለ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን ከልማድ የተነሳ ሁሉንም አንዱ ጋ ከፍቼው ቁጭ ብዬ ነበር፣ ከሰዓት ነው ትዝ ያለኝ። ፓወርቶይስን ገና አላወረድኩም።

አሁን የቀረኝ የዩፒኤሷ ጩኸት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጢ ጢ ጢ ትላለች፣ ማታ ልጄን ቀሰቀሰችብኝ። ማጥፊያ አላት ወይስ ልልመደው?

አባይ_ማዶ፦

ብዙዎቹ ላይ እየጮኸች እያለ የፊቱን ቁልፍ አጠር አድርገሽ ነካ ስታደርጊያት ዝም ትላለች። ነካ ብቻ። ረጅም ከያዝሽው ራሷ ነው የምትጠፋው።

ሽምብጥ_ሂሳብ፦

ረጅም ያዝኩት መሰለኝ።

ሁሉም ጨለመ። መልሼ አበራኋት፣ አሮጌው ሞኒተር እንደ ልማዱ ዘግይቶ ነቃ። መስኮቶቹ ግን በየቦታቸው ናቸው፣ አልነካኋቸውማ። ቡና እየጠጣሁ ነበር።